ስለ ወደብ ከተማ ማደግና ስለ ገጠር ሥራ በግምጃ ቤት የተነገረ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገርበት የመረጥሁት ነገር የወደብ ከተማ እንዴት እንደሚያድግና በምን እንደሚኖር ነው። ይህን ስትሰሙ፥ ባሕር በሌለበት ደጋ አገር፥ በእርሻና በከብት ለሚኖር ሕዝብ ስለ ወደብ መናገር ምን ይጠቅማል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔም ቀድሞ እንዲሁ አስብ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ሽማግሌ የጠየቁኝ ጥያቄ ነው።

በአንድ የክረምት መግቢያ፥ በአንድ የማዳበሪያ መጋዘን ደጃፍ ተቀምጬ የገበሬዎችን ስም እጽፍ ነበር። ማዳበሪያው ግን ገና አልደረሰም። ዝናቡ ጥሏል፤ ማሳው ታርሶ ለስልሷል፤ ሕዝቡም ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፎ ይጠብቃል። ከሰልፉ መካከል አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደኔ ቀረቡና «ልጄ፥ ማዳበሪያው ስለ ምን ዘገየ?» አሉኝ። እኔም «አባቴ፥ መርከቡ በወደብ ላይ ተራ ይጠብቃል አሉን» ብዬ መለስሁላቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እኔ መርከብ የሚባለውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የኔን ስንዴ ከመርከብ ጋራ ማን አጋባው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። በቅኔ ቤት የተማርሁትም ሆነ በጽሕፈት ሥራ ያየሁት ለዚያ ጥያቄ መልስ አልሆነኝም። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ለእኒያ አባት የዘገየ መልስ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በኛ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

መልሱን ከዚሁ ከደጃችን ልጀምር። የአገራችን ስም ግምጃ ቤት ይባላል። ግምጃ ማለት ከሐር የተሠራ የከበረ ልብስ ነው፤ ግምጃ ቤትም እንዲህ ያለው ልብስና ሌላው ውድ ዕቃ ተጠብቆ የሚቀመጥበት ቤት ነው። በጥንት ዘመን ግን ሐር በአገራችን አይፈተልም ነበር። ለነገሥታት ካባ፥ ለቤተ መቅደስ መጋረጃ፥ ለልብሰ ተክህኖና ለጥላ የሚሆነው ሐር ከሩቅ ምሥራቅ አገር በባሕር መጥቶ፥ በወደብ ወርዶ፥ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ነው የደረሰን። እንግዲህ መርከብ አላየንም ብንል፥ መርከብ ያመጣውን ግን አባቶቻችን ሲያዩትና ሲሳለሙት ኖረዋል።

ወደብ ማለት መርከብ ከማዕበል ተጠብቆ የሚቆምበት፥ ዕቃውን የሚያራግፍበትና የሚጭንበት የባሕር ዳር ነው። በባሕር ዳር ያለ ቦታ ሁሉ ግን ከተማ አይሆንም። ወደብ ከተማ ሆኖ እንዲያድግ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው ጥልቅና ጸጥ ያለ ውሃ ነው። ሁለተኛው ከባሕሩ ወደ መካከለኛው አገር የሚያስገባ መንገድ ነው። ሦስተኛው በመንገዱ ጫፍ የሚያርስ፥ የሚሸምት፥ የሚሸጥ ብዙ ሕዝብ መኖሩ ነው። የመጀመሪያው የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ ሁለቱ የሰው ሥራዎች ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ወደቡ ይደክማል፤ ይህንም ከታሪክ እናየዋለን።

በአክሱም ነገሥታት ዘመን ታላቁ ወደባችን አዱሊስ ነበረች። የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ በእርሷ በኩል ይወጣ ነበር፤ ዐፄ ካሌብም ወደ የመን በዘመቱ ጊዜ መርከቦቻቸው የተሰበሰቡት በዚያው አካባቢ ነው። የአክሱም መንግሥት ሲደክምና የባሕሩ ንግድ ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ አዱሊስ ጠፋች። ባሕሩ ከስፍራው አልተነሣም፤ የቀረው ከኋላዋ የነበረው ኃይልና ንግድ ነው። ዛሬ በቦታዋ የሚገኘው ፍርስራሽ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምጥዋ በረታች። ቱርኮች በ1549 ዓ.ም. ከያዟት በኋላም ቢሆን የጎንደርና የጎጃም ነጋዴ ከርሷ አልራቀም። ከአባይ ማዶ የሚመጣው ወርቅ፥ ቡና፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በጎጃም በባሶ ገበያ ይሸጥ ነበር። ከዚያም የደሪጣና የይፋግ ነጋዴዎች ተቀብለው ወደ ጎንደር፥ ከጎንደርም በዐድዋ በኩል ወደ ምጥዋ ያወርዱት ነበር። ቅፍለቱ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል፤ ክረምት ሲገባና ተከዜ ሲሞላ ደግሞ ወራት ሙሉ ይቆማል። በዚህ ምክንያት ከባሕር የሚመጣው ዕቃ እኛ ዘንድ ሲደርስ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆን ነበር።

የርቀትን ዋጋ ለማወቅ አሞሌ ጨውን ማስታወስ ይበቃል። አሞሌ በአፋር በረሃ ሲቆረጥ ዋጋው ጥቂት ነበር፤ ወደ ደጋ በወጣ ቁጥር ግን ለአንድ ብር የሚመነዘረው አሞሌ ቁጥሩ እያነሰ ይሄዳል። ጨውነቱ ያው ነው፤ ዋጋውን ያከበደው የመንገዱ ርዝመት ነው። እኛም በዚያ መንገድ ጫፍ ላይ የተቀመጥን ሕዝብ ነበርን፤ ዛሬም ነን።

አሁን ወደ ዘመናችን ወደብ፥ ወደ ጅቡቲ እንለፍ። ፈረንሳዮች በ1854 ዓ.ም. ኦቦክ የሚባለውን የባሕር ዳር ከአፋር ባላባቶች በውል ገዙ። በ1862 ዓ.ም. የስዊዝ ቦይ ተቆፍሮ ሲከፈት ከአውሮፓ ወደ እስያ የሚሄደው መርከብ ሁሉ አፍሪካን መዞር ቀርቶለት በቀይ ባሕር ያልፍ ጀመር። በመንገዱም የድንጋይ ከሰልና ውሃ የሚቀዳበት ማረፊያ ያስፈልገው ነበር። ኦቦክ ግን ለነፋስ የተጋለጠች ስለሆነች አልተመቸችም። ስለዚህ ሌዎንስ ላጋርድ የተባለው ገዥ በ1880 ዓ.ም. ከባሕረ ሰላጤው በስተ ደቡብ ጅቡቲን መሠረተ። ስፍራው ከባሕር ዛጎል ድንጋይ የተሠራ ጠፍጣፋ ምድር ነበር፤ ዛፍ የለውም፤ የሚታረስ መሬት የለውም፤ ዝናብም በጣም ጥቂት ነው። ያለው ጸጥ ያለ ውሃ ነበር፤ ከኋላውም ኢትዮጵያ ነበረች።

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ከጅቡቲ ጀምሮ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራራ ግርጌ ደረሰ። ሐዲዱን እስከ ሐረር ማውጣት እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ከግርጌው አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብሎ ነበር፤ ይኸውም ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ሥራው ዓመታት ቆመ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ሲራራ ነጋዴ ብዙ ሳምንታት ይፈጅበት የነበረውን ጉዞ ባቡሩ በሦስት ቀን ያደርሰው ጀመር።

እዚህ ላይ መምህራን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ከባቡሩ በፊት የሐረር ንግድ የሚወርደው በዘይላ ነበር፤ ዘይላም ብዙ መቶ ዓመት የኖረች የታወቀች ወደብ ነበረች። ሐዲዱ ሲዘረጋ ዕቃው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረና ዘይላ ደከመች። ጥልቅ ውሃና መንገድ ያገኘችው አዲሲቱ ከተማ የጥንቲቱን ንግድ በጥቂት ዓመታት ወሰደች። በባቡሩም ቡና፥ ቆዳና ሰም ወረደ፤ አቡጀዲ፥ ስኳር፥ ላምባና የቤት ክዳን ቆርቆሮ ወጣ።

የጅቡቲም ዕድል ሁል ጊዜ አንድ አልነበረም። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ ምጥዋና ዐሰብ የኛ ወደቦች ሆኑ፤ ዐሰብም በደሴ መንገድ ከአዲስ አበባ ጋራ ስለ ተገናኘችና የነዳጅ ማጣሪያ ስለ ተሠራባት እጅግ አደገች። በ1969 ዓ.ም. በምሥራቅ ጦርነት ሲነሣ የባቡሩ ድልድዮች ፈርሰው መንገዱ ተቋረጠ፤ ጅቡቲም ነፃነቷን ባገኘችበት በዚያው ዓመት ዋና ገቢዋ ጎደለባት። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች በኋላም ዕቃችን የሚበዛው በዐሰብ ይገባ ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች ጦርነት ሲጀመር ግን ያ በር ተዘጋ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የኢትዮጵያ ንግድ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዐሰብ መርከብ የማይቆምባት ከተማ ሆነች፤ ጅቡቲ ደግሞ የመጣላትን ዕቃ ማስተናገድ እስኪያቅታት ሥራ በዛባት። ከዚያ ወዲህ ከመቶው የንግድ ዕቃችን ከዘጠና የሚበልጠው የሚያልፈው በዚያች ከተማ ነው።

በዚህም ኃይል ከተማይቱ ሰፋች። በ2001 ዓ.ም. በዶራሌ ታላላቅ መርከቦች የሚቆሙበት የኮንቴይነር ወደብ ሥራ ጀመረ፤ በ2009 ዓ.ም. በዚያው ልዩ ልዩ ዕቃ የሚራገፍበት ሌላ ወደብ ተጨመረ። በዚያው ዓመት በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የባቡር ሐዲድ ተመረቀ፤ ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በኛም በኩል በሞጆ ደረቅ ወደብ ተሠርቶ፥ ከመርከብ የወረደው ሣጥን ሳይከፈት እስከዚያ ይመጣል። ዛሬ የጅቡቲ ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ያህል ነው፤ የሚበዛውም በከተማይቱ ይኖራል።

እንግዲህ እህል የማይበቅልባት ከተማ በምን ትኖራለች? ከወደብ ኪራይ፥ ከማራገፊያና ከመጋዘን ዋጋ፥ ከመኪናና ከባቡር መተላለፊያ በምታገኘው ገንዘብ ትኖራለች። ባብ ኤል መንደብ የሚባለው የባሕር በር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስፋት ስላለውና የዓለም መርከብ በዚያ ስለሚያልፍ፥ ፈረንሳይ፥ አሜሪካ፥ ጃፓንና ቻይና በከተማይቱ አጠገብ የጦር ሰፈር ይዘው ኪራይ ይከፍላሉ። አትክልቱ፥ ፍራፍሬውና ጫቱ ከኛ አገር ይሄድላታል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ከኢትዮጵያ ትገዛለች፤ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከሶማሌ ክልላችን ምድር የተቀዳ ውሃ በቧንቧ ይደርሳታል። የጣና ውሃ ወደ በለስ ወርዶ የሚሰጠው ኃይል ከሌላው ጋራ በአንድ መሥመር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ በወደቡ ሌሊት የሚበራው መብራት ከኛ ውሃ ድርሻ አለው ማለት እንችላለን። ስለዚህ ወደብን በአፍ፥ የኋላውን አገር በሆድ ብንመስለው ነገሩ ይገባናል። አፍ ባይኖር ሆድ ይራባል፤ ሆድ ባይኖር ደግሞ አፍ የሚጎርሰው ለማን ነው?

አሁን የእኒያን አባት ጥያቄ በቁጥር እንመልከተው። ይህንም መምህራን ለተማሪዎቻችሁ የሒሳብ ትምህርት ልታደርጉት ትችላላችሁ። ማዳበሪያ የሚጭን አንድ መርከብ 50,000 ቶን ይዞ ቢመጣ 500,000 ኩንታል ማለት ነው፤ በሃምሳ ኪሎ ከረጢት ሲሞላም አንድ ሚሊዮን ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ የሚሞላው በወደቡ ላይ ነው። ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና 400 ኩንታል ቢጭን፥ ያንን አንድ መርከብ ለማንሣት 1,250 መኪና ያስፈልጋል። በቀን መቶ መኪና ቢጫን ሥራው ዐሥራ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ በቀን ሃምሳ ብቻ ቢጫን ሃያ አምስት ቀን ይወስዳል። መርከቡ ከተወሰነለት ቀን በላይ ለሚቆምበት ለእያንዳንዱ ቀን ብዙ ሺህ ዶላር ይከፈልበታል። በዚህ ሁሉ ምክንያት በአንድ ኩንታል ላይ ዐሥር ብር ቢጨመር፥ በአንዱ መርከብ ጭነት ላይ አምስት ሚሊዮን ብር ተጨመረ ማለት ነው። ይህም ገንዘብ ዞሮ ዞሮ ከገበሬው ኪስ ወይም ከመንግሥት ሣጥን ይወጣል።

ከወደቡ እስከዚህ ያለው መንገድ ደግሞ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአዲስ አበባ በኩል ሲዞርም ከዚያ ይበልጣል። በአዲስ አበባ የመጣው መኪና ከጎሐ ጽዮን የአባይን በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ይወጣል፤ በደብረ ማርቆስ፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፎ እንጅባራ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደኛ ይመጣል። የመጨረሻውን መንገድ ከረጢቱ በጋሪና በፈረስ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ቢላላ፥ ማዳበሪያው ከዘር በኋላ ይደርሳል። በግንቦት የደረሰና በነሐሴ የደረሰ ማዳበሪያ ዋጋቸው አንድ ቢሆንም ጥቅማቸው አንድ አይደለም። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ሲመቱ ብዙዎቹ አፍሪካን ዞረው መሄድ መርጠው ነበር፤ የጭነቱም ዋጋ ወጣ። በየመን የባሕር ዳር የተተኮሰው በግምጃ ቤት ገበያ የሚሰማው በዚህ መንገድ ነው።

የሌላውን አገር ነገር ማየት የራስን ለማወቅ ይረዳልና፥ አሁን ከቀይ ባሕር ርቀን በታላቁ ሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር ያለችውን የጃፓንን ወደብ፥ ዮኮሐማን እንመልከት። ይህች ከተማ እስከ 1851 ዓ.ም. ድረስ መቶ ያህል ቤት ያላት የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በዚያ ዓመት ለውጭ ንግድ ተከፈተች። በ1865 ዓ.ም. የጃፓን የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ ከቶክዮ ወደ እርሷ ተዘረጋ። ያሳደጋት ንግድ ምን እንደ ነበረ ስነግራችሁ የአገራችሁን ስም አስቡ፤ ሐር ነበር። ሐሩንም የሚያወጡት በተራራማው አገር የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው የሾላን ዓይነት ቅጠል ለትሉ እየመገቡ፥ ከትሉ ጎጆ ክሩን እየመዘዙ፥ ወደ ወደቡ ይልኩት ነበር።

በመጀመሪያ ግን ችግር ገጠማቸው። ሐሩ በውጭ አገር እጅግ ተፈላጊ በሆነ ጊዜ ክሩ ያልተስተካከለና ጥራት የጎደለው ሐር ወደ ገበያው በዛ፤ የአገሪቱም ሐር ስሙ ተነቀፈ። መንግሥቱ ይህን አይቶ በ1865 ዓ.ም. ቶሚዮካ በተባለው ስፍራ ለሌሎች አርአያ የሚሆን የሐር ፋብሪካ ከፈተ፤ ከየአውራጃው የመጡ ልጃገረዶችም በዚያ ሠልጥነው ወደየአገራቸው ተመልሰው አስተማሩ። ኋላም የዐድዋ ድል በሆነበት ዘመን ገደማ በዮኮሐማ ሐሩ የሚመረመርበት ቤት ተቋቋመ። ሐሩ እየተመዘነ፥ እርጥበቱና ጥራቱ እየታየ ማረጋገጫ ይሰጠው ጀመር። ገዥውም ሳይጠራጠር ገዛ። የጃፓን ሐር ገበያውን የያዘው በትሉ ብቻ አይደለም፤ በሚዛኑና በታመነው ቃሉም ጭምር ነው።

ነሐሴ 26 ቀን 1915 ዓ.ም. ታላቅ የምድር መናወጥ ዮኮሐማን አፈራረሳት፤ እሳትም በላት። ሕዝቧ የፈረሰውን ድንጋይ ወደ ባሕሩ ዳር አፍስሶ በላዩ የአትክልት ስፍራ ሠራበት፤ ወደቧንም አደሰ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነት ከአየር በወረደ ቦምብ ሁለተኛ ተቃጠለች፤ አሁንም ተነሣች። ዛሬ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል የሚበልጥ ሕዝብ አላት፤ በሕዝብ ብዛትም ከቶክዮ ቀጥላ በጃፓን ሁለተኛ ናት። ሁለት ጊዜ የፈረሰች ከተማ ሁለት ጊዜ የተነሣችበት ምክንያት ከኋላዋ ያለው አገር ሥራውን ስላልተወ ነው።

ጃፓን ለኛም እንግዳ አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ወደዚያ ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈዋል። በዚያም ዘመን የጃፓን የጥጥ ጨርቅ በርካሽነቱ የኢትዮጵያን ገበያ ይዞ ነበር። በቅርብም በአባይ በረሃ በ2000 ዓ.ም. የተፈጸመው አዲሱ ድልድይ የተሠራው በጃፓን መንግሥት ርዳታ ነው። ከዐሥር ትውልድ ያልበለጠ ዕድሜ ያላት ወደብ ያሳደገችው አገር፥ ዛሬ የኛን ማዳበሪያ በሚያሻግር ድልድይ ላይ እጇ አለበት።

ከዚህ ሁሉ ለኛ የሚሆነው ምክር ምንድን ነው? ወደብ ለመሥራት ወይም መርከብ ለመግዛት በእጃችን የለም። በእጃችን ያለውን ግን ጥቂት ልዘርዝር።

የመጀመሪያው የሚዛንና የጥራት ነገር ነው። ከጃዊ ቆላ የሚመጣው ሰሊጥ፥ ከደጋውም የሚሰበሰበው ኑግ ወደ ውጭ ገበያ ይወጣል። በኑግ ውስጥ አፈር የቀላቀለ፥ ሰሊጡን ውሃ ያርከፈከፈ ሰው በዕለቱ ጥቂት ብር ያተርፋል። ገዥው ግን በወደቡ ሲያበጥር ያን ሰው አያውቀውም፤ የሚያውቀው «የጎጃም ኑግ» የሚለውን ስም ነው። በአንዱ ምክንያት የሁሉም ዋጋ ይወርዳል። እናንተ ሽማግሎች በገበያ ዳር የምትሰጡት ግሣጼ ከወደብ ተቆጣጣሪ ይልቅ የሚበረታ ስለ ሆነ፥ በዚህ ነገር ዝም አትበሉ።

ሁለተኛው የመንገድ ነገር ነው። ከዋናው መንገድ እስከ መንደሩ ያለው ጥርጊያ መንገድ በሐምሌ ጭቃ ሲሆን ዕቃ የሚያደርሰው ሰው ኪራይ ይጨምራል። ቦዩን በበጋ መጥረግ፥ ትንንሹን ድልድይ በጋራ መጠገን፥ ለሺህ ኪሎ ሜትሩ ጉዞ የኛ ድርሻ ነው።

ሦስተኛው የጊዜ ነገር ነው። ምን ያህል ማዳበሪያ እንደምንፈልግ ዝርዝሩ ከየቀበሌው በጊዜ ካልተላከ ግዢው ይዘገያል። እኔ ጸሐፊ ነኝና ይህን ከማንም በፊት ለራሴ እናገረዋለሁ። በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳምንት የተኛ ዝርዝር በወደብ ላይ ተራ እንደሚጠብቅ መርከብ ነው።

አራተኛውና ዋናው፥ የመጣውን በከንቱ አለማባከን ነው። የኛ የአዊ ደጋ አፈር በብዙ ስፍራ ኮምጣጣ እንደ ሆነ የእርሻ ባለሙያዎች መርምረው ነግረውናል። በኮምጣጣ አፈር ላይ የተዘራ ማዳበሪያ ዋናው ኃይሉ በአፈሩ ይታሰርና ለቡቃያው አይደርስም። ባሕርና በረሃ አቋርጦ፥ በብዙ ዶላር ተገዝቶ የመጣ ከረጢት በመጨረሻው አንድ ክንድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። የዚህ መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ደግሞ መርከብ አያስፈልገውም፤ በአባይ በረሃ ሞልቷል። የከብቶቻችን ፍግም ተጠራቅሞና በስብሶ ሲበተን አፈሩን ያለሰልሳል። ፍግ በወደብ ላይ ተራ አይጠብቅም። ይህን ስል ከመርከብ የሚመጣውን እንተው ማለቴ አይደለም፤ ኖራና ፍግ የቀደመለት ማሳ ያንኑ አንድ ከረጢት የተሻለ አድርጎ ይጠቀምበታል ማለቴ ነው።

መምህራን ሆይ፥ ይህ ሁሉ በእናንተ እጅ ያለ ትምህርት ነው። በካርታ ላይ ከግምጃ ቤት ጀምሮ እስከ ጅቡቲ ያለውን መንገድ ልጆቹ በጣታቸው ይከተሉት። የመርከቡን ጭነት በመኪና እያካፈሉ ያስሉት። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ዕቃ፥ ቆርቆሮም ቢሆን ባትሪም ቢሆን፥ ከየት አገር እንደ መጣ ጠይቆ ይምጣ። ከዚያም ከቤቱ የሚወጣው ምን እንደ ሆነ ይጠየቅ። የሚገባውንና የሚወጣውን አስተያይቶ የሚያውቅ ልጅ ነገ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ሒሳብ ይይዛል፤ ነጋዴም አያታልለውም።

እኒያ አባት «የኔን ስንዴ ከመርከብ ጋራ ማን አጋባው?» ብለው ነበር። ዛሬ ቢጠይቁኝ እንዲህ እላቸዋለሁ። አባቴ፥ ያጋባው ንግድ ነው፤ ጋብቻውም አዲስ አይደለም፤ በአገርዎ ስም ውስጥ ያለው ሐር ምስክር ነው። የወደብ ከተሞች ያደጉት እንደርስዎ ያለ ገበሬ ከኋላቸው ስላለ ነው፤ ከሚገዙት ከረጢት ላይም ድርሻዎን ይከፍላሉ። ስለዚህ በሰልፉ ላይ ሲጠብቁ «ለምን ዘገየ?» ብለው መጠየቅዎ የባለ ድርሻ ጥያቄ ነው። እኛ የምንጽፍና የምናስተምር ሰዎች ደግሞ መልሱን ልናውቅና በጊዜ ልንነግርዎ ይገባናል።

እግዚአብሔር ዝናቡን በወቅቱ፥ መንገዱን በሰላም ያድርግልን።